አያቴ ያልጠራው ደቦ

የዚያን ዓመት ክረምት ባሕሩ የዶሮ ቤታችንን ወሰደው። ዶሮዎቹ ተርፈዋል፤ ነፋሱ ስለከፋ ማታውን ወጥ ቤት ከእኛ ጋር ነበር ያደሩት። ጠዋት በሩን ስንከፍትላቸው እንደለመዱት ወደ ቤታቸው ሮጡ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ሲደርሱ ቆሙ፣ አንገታቸውን አሰገጉና ቁልቁል ተመለከቱ። እኔ በሳቅ ፈረስኩ። አያቴ ግን አልሳቀም። ከዶሮዎቹ ኋላ ቆሞ እሱም ቁልቁል ያይ ነበር።

የምንኖረው ሌሙይ ደሴት ላይ፣ ከጀልባ መሻገሪያው ብዙም ሳይርቅ፣ ዛፎች በጋረዱት ገደል ጫፍ ነበር። የእኛ አገር ቤት ከወለል እስከ ጣሪያ እንጨት ነው፤ መሬት ላይ ይቀመጣል እንጂ ሥር አይሰድም። ስለዚህ ቦታው ሲከፋ ሰው ቤቱን ጥሎ አይሄድም፤ ይዞት ይሄዳል። ከሥሩ ሁለት ግንድ ይገባለታል፣ ጥማድ በሬ ይደረደራል፣ ጎረቤቱ ሁሉ ይሰበሰብና በደቦ ይጎትተዋል። በፊተኛው በጋ የአንዲት መበለት ቤት ከነመጋረጃው ኮረብታ ሲወጣ አይቻለሁ፤ ድመቷ መስኮቱ ላይ ተቀምጣ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ከዚህ የሚበልጥ ነገር በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር። የዶሮ ቤቱ ሲሄድም ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንግዲህ ተራው የእኛ ሆነ ብዬ ደስ አለኝ።

ክረምቱ አልፎ በጋው ሲገባ መልእክት መጣ። ያኔ በደሴቶቹ ስልክ የለም። ጉዳይ ያለው ሰው ለሬዲዮ ጣቢያ ይሰጣል፣ ሬዲዮው በምሳ ሰዓት ያነብበዋል፣ የእያንዳንዱን ሰው ጉዳይም ሰው ሁሉ ሾርባውን እየጠጣ ይሰማል። «ለአቤሊኖ ናውቶ፣ ሌሙይ» አለ ሰውየው በዚያ እንቅልፍ በሚያመጣ ድምፁ። «ሁሉም ነገር ተስተካክሏል። እሑድ እመጣለሁ፤ ተዘጋጁ። ልጅዎ ኢርማ።»

ኢርማ እናቴ ናት። በደቡብ ጫፍ፣ ፑንታ አሬናስ ከተማ፣ ሸርጣን የሚታሸግበት ፋብሪካ ትሠራ ነበር። እኔን ያሳደገኝ አያቴ ነው።

«ለምንድነው የምንዘጋጀው አባባ?» አልኩት።

ሾርባውን አማሰለ። «ያው የቤቱ ነገር ነው» አለኝ። «ነገ ተነስተን ሰዎቹን ዞር ዞር ብለን እናያለን።»

ለደሴት ልጅ የዚህ ትርጉሙ አንድ ነው። ደቦ የሚጠራ ሰው ቤት ለቤት ዞሮ ነው የሚለምነው። ግን ገብቶ «እርዱኝ» አይልም፤ እንደዚያ የሚል ሰው አስተዳደግ የጎደለው ነው። ይገባል፣ ምድጃው አጠገብ ይቀመጣል፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ድንቹ፣ ስለ ሞተው ሰው ያወራል። ማቴው፣ ያ በቀጭን ቧንቧ የሚመጠጠው መራራ የቅጠል ውኃ፣ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። በመጨረሻ የቤቱ ባለቤት «እንግዲህ ምን እግር ጣለህ?» ሲል ነው እንግዳው ጉዳዩን የሚያወጣው። ይህንን ሁሉ አውቅ ነበር። ስለዚህ በማግስቱ አያቴ አሮጌው ፒክአፕ ላይ ዕቃ ሲጭን ምንም አልገረመኝም። የሟች ሴት አያቴን የሱፍ መፍተያ፣ ሁለት ሰው የሚይዘውን ትልቁን መጋዝ፣ መረቡን ጫነና ሸራ አለበሳቸው። ባዶ እጁን የሚለምን የለም ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

እንደዚያ ያለ መንገድ ከዚያ በኋላ አልሄድኩም። የመኪና ማሻገሪያዋ ጀልባ ብረት መዝጊያ ሲሚንቶው ላይ ጓ ብሎ ወረደ፣ እኛም ከአንድ የበግ ጫኝ መኪና ኋላ ተሰልፈን ገባን። የናፍጣና የባሕር ሣር ሽታ፣ የረጠበ ሱፍ ሽታ። አጠገባችን የቆመች ሴት የባሕር ቅርፊት የምንለውን፣ ድንጋይ በመሰለ ቅርፊት ውስጥ የሚኖር የባሕር እንስሳ ሥጋ በጭስ አድርቃ፣ በገመድ ሰክታ አንገቷ ላይ አንጠልጥላዋለች፤ ዓይኔን ስታይ ሁለት ፈልቅቃ ሰጠችኝ። ከወዲያ ማዶ ወርደን በትልቁ ደሴት መንገድ ሽቅብ ቁልቁል እያልን ካስትሮ ከተማ ስንደርስ ባሕሩ ሸሽቶ ነበርና የዳርቻዎቹ ቤቶች በረጃጅም የእንጨት እግሮቻቸው ጭቃው ላይ ቆመዋል፤ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ አረንጓዴ።

«እነዚህ መጎተት አያስፈልጋቸውም» አልኩ። «እግር አላቸው፤ ራሳቸው ይሄዳሉ።»

አያቴ ከት ብሎ ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ መኪናውን ዳር አቆመና ሞተሩን አጠፋ። «ይረፍ» አለ። ባሕሩን፣ ቤቶቹን፣ የቤተ ክርስቲያኑን ሁለት ማማ ሲያይ ቆየ። የዚያን ቀን በየኮረብታው አናት እንደዚያ አደረገ። መኪናው አርጅቷል፣ ትንፋሽ አጥሮታል ብዬ አዘንኩለት። ለመኪናው ማለቴ ነው።

ዳልካሁዌ ላይ ሁለተኛውን ጀልባ ተሳፍረን ኪንቻዎ ደሴት ገባንና መጀመሪያ የደረስነው የሟች ሴት አያቴ እኅት፣ እትዬ ሮሰንዳ ቤት ነው። እትዬ ሮሰንዳ አጭርና ወፍራም፣ ልጅ ካላበላች እንቅልፍ የማይወስዳት ሴት ነበረች። ገና ሳልቀመጥ ማር የተቀባ የድንች ቂጣ እጄ ላይ አደረገች።

«ዝናቡ ቀነሰ» አለ አያቴ።

«ቀነሰ። ድንቹን ግን አበላሽቶ ነው።»

«የእኛም እንደዚያው።»

ማቴውን ሞልታ ሰጠችው። «ሬዲዮ ሰማሁ» አለች።

«ሰማሽ?»

«ማን ያልሰማ አለ አያ አቤሊኖ?»

ምድጃው ውስጥ እንጨቱ ጠሽ ጠሽ ይላል። ቆይቶ አያቴ ወጣና መፍተያውን ተሸክሞ ገባ። «ዝም ብሎ አቧራ ከሚጠጣ አንቺ ጋ ይሁን ብዬ ነው።» እትዬ ሮሰንዳ መንኮራኩሩን በእጇ ትንሽ አዞረችው፣ ፊቷን በሽርጧ ሸፈነች፣ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ስጦታው በጣም ደስ እንዳላት ገባኝ፤ በዚህ ዓይነት ሁለት ጥማድ በሬ አታጣም ብዬ አሰላሁ።

መኪና ውስጥ ስንገባ ግን ተናደድኩ። «አባባ፣ ረሳኸው እኮ።»

«ምኑን?»

«መጠየቁን። ምን እግር ጣለህ እስክትል እንኳ አልጠበቅክም።»

«እሷ ገብቷታል የኔ ልጅ» አለኝ። «ለሮሰንዳ ብዙ ማውራት አያስፈልግም።»

እውነቱን ነበር፤ ገብቷታል። ያልገባኝ እኔ ነኝ። እናቴ ካደግኩ በኋላ እንደነገረችኝ፣ የዚያን ጊዜ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይታ፣ እኔንም እሱንም ጠቅልላ ልትወስደን ነበር የምትመጣው። አያቴ ተስማምቶ ነበር። ገደሉ ቤቱን በሚቀጥለው ክረምት እንደሚወስደው ያውቃል፤ ደቦ መጥራት ደግሞ አይችልም። ጉልበት እስኪከዳው ድረስ በየበጋው ፓታጎኒያ ወርዶ በግ ሲሸልት ነው የኖረው፤ ቤት የሚጎተተው በበጋ ነው። «የሰው ቤት ያልጎተተ ቤቴን ጎትቱልኝ አይልም» ይባላል እኛ ጋ፤ እሱም በራሱ ላይ ፈርዶ አፉን ዘጋ። እኔ ለደቦ የሚለምን የመሰለኝ ሰው እየተሰናበተ ነበር። ዕቃውንም በቁሙ እያወረሰ ነበር።

ማምሻውን አቻዎ ከተማ፣ ጋሼ ሴጉንዶ ቤት ደረስን። ጋሼ ሴጉንዶ የሸለታ ዘመን ጓደኛው ነው፤ ሁለቱ ሲገናኙ ካልተሰዳደቡ ሰላም ያሉ አይመስላቸውም።

«አንተ ሽማግሌ፣ እስካሁን አልሞትክም?»

«አንተን ልቅበር ብዬ ነው የቆየሁት።»

ዓሣ በላን፣ የፖም ጠላ ጠጡ። አያቴ መጋዙን አመጣለት። ጋሼ ሴጉንዶ አንዱን እጀታ ይዞ ሌላውን ወለል ላይ ሲያየው ቆየ። «ይኼ የሁለት ሰው መጋዝ ነው» አለ። «ያንን ጫፍ ማን ይይዝልኛል?»

«ልጅህ አለልህ።»

«ልጄ ሞተር መጋዝ ነው የሚወደው» አለና ወደ እኔ አየት አድርጎ፣ ለአያቴ ድምፁን ዝቅ አደረገለት። «ነፋሱን ግን አስበህበታል? ያንን ነፋስ ታውቀዋለህ። በዚህ ዕድሜህ...»

«አውቀዋለሁ።»

«ሰውን ከመሬት ያነሳል እኮ።»

«አውቀዋለሁ አልኩህ።»

የፑንታ አሬናስን ነፋስ ማለቱ ነበር። እኔ ግን የደቦው ቀን ነፋስ እንዳይነሳ የሚጨነቁ መስሎኝ፣ በልቤ ለቅድስት ማርያም ነፋሱን ያዥልን ብዬ ተሳልኩና ተኛሁ።

በማግስቱ ሁለቱንም ጀልባ ተሻግረን ወደ ደሴታችን ተመለስን። አያቴ አሁንም በየኮረብታው ይቆማል፤ እኔ ግን ዓይኔ የሚያይ አልነበረም። እሑድ እየደረሰ ነው፣ አንድም ሰው አልተጠየቀም፣ መኪናው ላይ የቀረው ዕቃ መረቡ ብቻ ነው። የመጨረሻው ቤት የጋሼ ፊደል ነበር። ጋሼ ፊደል ረዥም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ሲሆን በሌሙይ እንደ እሱ ጥሩ በሬ ያለው አልነበረም። እዚህ ካልተጠየቀ አለቀ ማለት ነው።

ዝናቡ ተወራ። ድንቹ ተወራ። አንድ ሞታለች የተባለች አሮጊት እንዳልሞተች ተረጋገጠ። ማቴው ዞረ፣ ደግሞ ዞረ። በመጨረሻ ጋሼ ፊደል ቧንቧውን ከአፉ አወጣና፣ «እንግዲህ አቤሊኖ፣ ምን እግር ጣለህ?» አለ።

ወደ ወንበሬ ጫፍ ተንፏቀቅሁ።

«ኧረ ምንም» አለ አያቴ። «እንዲሁ ልይህ ብዬ ነው። መረቡን አመጣሁልህ፤ ገና ደህና ነው።»

ከዚያ በኋላ ራሴን አልያዝኩም። «ጋሼ ፊደል፣ አባባ አፍሮ ነው» አልኩ። «ቤታችንን ጎትቱልን ሊል ነው የመጣው። ባሕሩ የዶሮ ቤቱን ወስዶታል፣ አሁን እኛን ሊወስድ ነው። እናቴ እሑድ ትመጣለች፣ ተዘጋጁ ብላለች።»

የአያቴ ጆሮ ቀላ። «ተዋት ፊደል» አለ። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም።»

ጋሼ ፊደል አላያኝም። አያቴን ነበር የሚያየው። «ትፈልጋለህ?» አለው።

አያቴ መረቡን ጭኑ ላይ አድርጎ ቋጠሮዎቹን በጣቱ ይዳስስ ጀመር። አዎም አላለም፣ አይደለምም አላለም። ብዙ ከቆየ በኋላ፣ «እኔ የማንንም ቤት ጎትቼ አላውቅም» አለ።

«እሱን አውቃለሁ» አለ ጋሼ ፊደል። «በሬዎቼ ግን አያውቁም።»

ከዚያ ተነስቶ ማቴውን እንደገና ሞላ። «ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይላሉ። ከአንተ ቤት አንድ ሰው ጮኋል፤ ለእኔ ይበቃኛል።»

ብዙ ዘመን ጋሼ ፊደልን ያሳመንኩት እኔ ነኝ እያልኩ እኮራ ነበር። አሁን ሳስበው ግን እሱም እንደማንኛውም ሰው ሬዲዮ ነበረው። የመጣንበትን ጉዳይ ከእኔ በደንብ ያውቃል። የሰባት ዓመት ልጅ የተናገረችውን ስህተት እያወቀ እንደ እውነት መቀበልን መረጠ፣ አያቴም ያንን ስህተት አላረመም። በዚያ ዝምታ ውስጥ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ተስማሙ፤ እኔ የማቴው ሽታ ብቻ ነው ትዝ የሚለኝ።

በማግስቱ ምሳ ላይ ሬዲዮው እንዲህ አለ፦ «አቤሊኖ ናውቶ፣ ሌሙይ፣ ቅዳሜ ጠዋት ቤቱን ስለሚያስጎትት ወዳጆቹን ሁሉ በአክብሮት ይጠራል።»

የአያቴ ማንኪያ አፉ ሳይደርስ መንገድ ላይ ቀረ። «እኔ ነኝ እንዴ?» አለ።

ቅዳሜ ጭጋጉ ገና ሳይነሳ ከሌሎቹ ደሴቶች የመጡት በሬዎች ከጀልባዋ ሲወርዱ ኮቴአቸው ተሰማን። እትዬ ሮሰንዳ ደቦ ጠሪ ማብላት እንዳለበት፣ አያቴ ደግሞ ምንም እንደሌለው ስለምታውቅ ድንች በጆንያ፣ የባሕር ቅርፊት በቅርጫት ጭና መጣች። ጋሼ ሴጉንዶ መጋዙን ይዞ መጣና የአያቴን አንድ እጅ ይዞ ሌላኛው እጀታ ላይ አኖረለት፤ ከቤቱ ሥር የሚገቡትን ሁለት ግንዶች ሁለቱ ሆነው፣ እየተሰዳደቡ ቆረጡ። መጋዙን ግን አልመለሰለትም፤ የተሰጠ ነገር እኛ ጋ አይመለስም። አያቴ ከዚያ በኋላ እስከ ዕለተ ሞቱ የገዛ መጋዙን ሊዋስ አቻዎ ድረስ ይሄድ ነበር።

ቤቱ ሲነቃነቅ እንደ ታመመ ሰው አቃሰተ። ገመዱ ተወጠረ፣ ወንዶቹ ጮኹ፣ በሬዎቹ አጎነበሱ፣ የተኛሁበት ክፍል፣ አጠገቡ የበላሁበት መስኮት፣ የጭስ ማውጫው ጭምር ሣሩን እያስተኛ ሽቅብ ወጣ። ከጎኑ እሮጣለሁ፣ እወድቃለሁ፣ እነሳለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ምንጩ አጠገብ ካለው ሜዳ ሲደርሱ ጋሼ ፊደል እጁን አነሳ።

«እዚህ ነው ቦታው። ውኃው ቅርብ ነው፣ ነፋስም አያገኝህም።»

አያቴ ወደ ባሕሩ ዞሮ አየ። «ትንሽ ከፍ ይበል» አለ።

«ምንጩ ይርቅሃል እኮ።»

«ከፍ ይበል ፊደል።»

ጋሼ ሴጉንዶ ገመዱን ጣለና ላቡን ጠረገ። «ጉድ ፈላ» አለ። «ለመጠየቅ ያፈረ ሰው ለማዘዝ አላፈረም።» ሁሉም ሳቁ፣ አጉረመረሙ፣ በሬዎቹ አረፋ እየደፈቁ እንደገና ጎተቱ። ከዚያ እትዬ ሮሰንዳ በጋለ ድንጋይ ጉድጓድ ውስጥ የቀበረችውን ድንችና የባሕር ሥጋ አውጥታ፣ ሰዉ ሣሩ ላይ ተቀምጦ እስኪጠግብ በላ።

እሑድ እናቴ መጣች። መርከብ ላይ ስለነበረች ሬዲዮውን አልሰማችም። ከጀልባው ወርዳ በዛፎቹ መካከል በለመደችው መንገድ ሄደች፣ ከዛፎቹ ስትወጣም ቤቱ የለም። ገደሉ አፋፍ ላይ ባዶ መሬትና የተሰበረ አጥር ብቻ አለ። አያቴ ከላይ ሆኖ ተመለከታት፤ ሣሩ ላይ ተንበርክካለች። «ሩጪ» አለኝ፣ ድምፁ ተቀይሮ። ቁልቁል ሮጬ ስደርስ ጨምድዳ ያዘችኝ፣ አጥንቴ እስኪያመኝ። «እሱስ?» አለችኝ። ወደ ላይ አመለከትኩ። አያቴ በሩ ላይ ነበር። በዚያች ቅጽበት ምን እንዳሰበች ዛሬም ስትነግረኝ ድምፅዋ ይሰበራል።

ማታ ሦስታችንም ምድጃው ዙሪያ ተቀመጥን። ወለሉ ገና አልተስተካከለም፤ ድስቱ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። ስለ ዝናቡ አወሩ። ስለ ድንቹ አወሩ። መርከቡ እንዴት እንዳናወጣት አወራችው።

«ክፍሎቹ ማሞቂያ አላቸው» አለች እናቴ ዝቅ ብላ። «ሁለቱም።»

«ጥሩ ነው» አለ አያቴ። እንጨት ጨመረ። «ለልጅ ብርድ አይመችም።»

«አዎ» አለች በመጨረሻ። «ለልጅ አይመችም።»

ስለ ማሞቂያ የሚያወሩ መስሎኝ ተኛሁ። እኔ አልመጣም፣ እሷን ግን ውሰጃት ማለቱ ነበር፤ እሷም ሰምታው እሺ ማለቷ ነበር። ቤቱን የለመንኩለት እኔ ነኝ። እሱ ሲቀር እኔ እንደምሄድ ግን የነገረኝ የለም፣ ቢነግሩኝ ኖሮ ጋሼ ፊደል ቤት አፌን በሁለት እጄ ይዤ እቀመጥ ነበር።

ጠዋት እናቴ አንድ ጓዝ ብቻ ቋጠረች።

«የአባባስ?» አልኳት።

«አባባ ወለሉን አስተካክሎ ይመጣል» አለች። አመንኳት። ቸኩዬ ሳምኩት፣ ደህና ዋል እንኳ ያልኩት አይመስለኝም፤ ጀልባዋ ላይ ቀድሜ ከፊት መቆም ነበር የፈለግሁት።

ከወደቡ ትንሽ ራቅ ስንል ወደ ኋላ ዞርኩ። ቤታችን ድሮ ከዛፎቹ ጀርባ ስለነበር ከባሕሩ ታይቶ አያውቅም። አሁን ግን ከዛፎቹ በላይ ሜዳው ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ በሩ ክፍት ነው፣ አያቴም በሩ ላይ ቆሟል። ለምን ከፍ ይበል እንዳለ ያኔ ገባኝ ብል ውሸት ነው። ከዚያ ቦታ ሆኖ እያንዳንዷ ጀልባ ስትመጣም ስትሄድም እንደምትታየው ያወቅሁት ዓመታት ቆይቶ፣ ለበጋ ተመልሼ እዚያው በር ላይ አጠገቡ ስቀመጥ ነው።

ያን ቀን ግን «አባባ፣ ወለሉን ቶሎ ጨርሰህ ና» ብዬ ጮህኩ።

«አይሰማሽም» አለች እናቴ። «ሩቅ ነው።»

እሱ ግን ኮፍያውን አውልቆ ከፍ አደረገው።